የማስተርስ የመስክ ልምምድ የት ልውጣ? ለአንዲት የመንዝ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምሠራው መንዝ ውስጥ በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። በክረምት ፕሮግራም የገጠር ልማት ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። አሁን የ8 ሳምንት የመስክ ልምምድ ደርሶብኛል። በራሴ መሥሪያ ቤት ብወጣ ይቀለኛል። ጓደኞቼ ግን ‹ደብረ ብርሃን አንዱ ፋብሪካ ግቢ፣ ሲቪሽን ያሳምረዋል› ይሉኛል። እኔ ደግሞ ልቤ እዚሁ መንዝ ባለው ጥብቅ የሣር ሜዳ፣ ጓሳ ላይ ነው። ውሎ አበል የለም። ሁለት ልጆች አሉኝ። የምሰበስበውን መረጃስ ለቴሲሴ ብጠቀምበት ችግር አለው? የት ልውጣ?»

እህቴ፣ እንኳን አሁን ጠየቅሽ። አብዛኛው ተማሪ ይህን የሚጠይቀኝ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ደብዳቤው ተጽፏል፣ ሳምንቱም መቁጠር ጀምሯል። ተማሪዎችን ወደ መስክ ስሸኝና ሪፖርታቸውን ሳነብ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ያየሁትን ልንገርሽ።

ሦስቱንም ቦታ እናያለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። የት እንደምትወጪ ከመወሰንሽ በፊት የምትጽፊውን ማን እንደሚያነብልሽ እወቂ። ልምምድ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት አብሮሽ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልግሻል። ሥራውን የሚያውቅ፣ የጻፍሽውን አንብቦ «ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ ግን እንዲህ አይደለም» የሚልሽ። እሱ ካለ ቢሮው ጠባብ ቢሆን፣ ኮምፒውተር ባይኖር፣ ወንበር ተውሰሽ ብትቀመጪ ግድ የለም። እሱ ከሌለ ቦታው የቱንም ያህል ስም ቢኖረው 8 ሳምንትሽ ባክኖ ይቀራል።

ይህን ከራሴ ነው የተማርኩት። ማስተርሴን ስማር የወጣሁት አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር። የመረጥኩት ስሙን አይቼ ነው። ደብዳቤዬ መዝገብ ቤት 9 ቀን ተኛ። የተመደቡልኝ ኃላፊ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚሮጡ ሰው ነበሩ። በ6 ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው ያገኘኋቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ኮሪደር ላይ። ፋይል ሳስተካክል፣ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ፣ ቃለ ጉባኤ ስተይብ ከረምኩ። ሪፖርቴ 48 ገጽ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ታሪክ፣ ራዕይና ተልዕኮ፣ አደረጃጀት። አብዛኛውን የገለበጥኩት ከብሮሹራቸው ነው። ‹ኤ› ተሰጠኝ። እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከጠረጴዛዬ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ያንን ሥራ 20 ዓመት የሠሩ አንዲት ሴት ይቀመጡ ነበር። አንድም ቁም ነገር አልጠየቅኳቸውም። ምን ብዬ እንደምጠይቅ የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴ አላሰብኩበትም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ ወዳለ አንድ ወረዳ ወጣ። በልግ አብቃይ አገር ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጥል ገብስ ካልተዘራ ዓመቱ ተጎዳ ማለት ነው። ገበሬው «ምርጥ ዘር የሚደርሰን ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው» ይላል። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ «ከላይ ዘግይቶ ነው የሚላክልን» ይላል። ተማሪዬ መጠይቅ አዘጋጅቶ 120 ገበሬ ሊያነጋግር ተነሥቶ ነበር። ያስቆሙት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ናቸው። ሸምገል ያሉ ሰው። «ልጄ፣ ገበሬውን ከማድከምህ በፊት ቀኑን እይ» አሉት። ከዚያ ሁለት ጥራዝ አውጥተው ፊቱ አስቀመጡለት። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22።

መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ያውቃቸዋል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22። ልጁ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛና ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈለው። በግራ ዘሩ የገባበት ቀን፣ በቀኝ የወጣበት ቀን። የሦስት ዓመት ደረሰኝ ሲያገላብጥ ሁለት ቀን ዋለ። ሲጨርስ ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። ዘሩ ሲላክ አልዘገየም፤ በጊዜው ገብቷል። መጋዘን ውስጥ ግን ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተኝቷል።

ለምን ተኛ? ቅድሚያ የከፈሉ ገበሬዎች ስም ዝርዝር ከቀበሌ ይመጣል። ያ ዝርዝር ከገንዘብ ደረሰኙ ጋር አይገጥምም። አንዱ ላይ ሰውየው በመታወቂያ ስሙ ተጽፏል፣ ሌላው ላይ ሰፈር በሚጠራበት ስም። አንዱ ላይ የባል ስም አለ፣ ሌላው ላይ የሚስት። ሒሳብ ክፍሉ ካልገጠመ አይፈርምም፤ ልክም ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ወደ ቀበሌ ይመለሳል። ተስተካክሎ እስኪመጣ ዘሩ ይጠብቃል፤ ዝናቡ ግን አይጠብቅም።

ተማሪዬ ይህን በአንድ ገጽ ጻፈው። በአማርኛ። የግምጃ ቤቱ ሰው አነበቡት፤ አንድ ቦታ ቀን ተሳስቶ ስለነበር አረሙለት። ከዚያ ይዘውት ኃላፊው ጋ ገቡ። በሚቀጥለው በልግ ስም ዝርዝሩ ጥር ላይ ቀድሞ ተጣራ። በወረቀት ላይ የልጁ ተቆጣጣሪ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ያስተማሩት ግን እኚያ የግምጃ ቤት ሰው ናቸው። ሰው ምረጪ የምልሽ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ቦታዎቹ እንሂድ።

በራስሽ መሥሪያ ቤት ብትወጪ ይቀልሻል፤ አልክድም። ልጆችሽ ጋ ታድሪያለሽ፣ የቤት ኪራይ የለብሽም፣ ሰዉን ታውቂዋለሽ። ሁለት ነገር ግን ያሰጋኛል። አንደኛው፣ «አንቺማ እዚሁ ነሽ» እየተባለ የወትሮ ሥራሽን ስትሠሪ 8ቱ ሳምንት ያልቃል። ሪፖርት ሲጠየቅ አንቺ፣ ዘመቻ ሲታወጅ አንቺ። ሁለተኛው የባሰ ነው። አንቺ ለገበሬው ማዳበሪያና ዘር የሚያቀርብለት መሥሪያ ቤት ሰው ነሽ። ደብተር ይዘሽ «ኤክስቴንሽኑ እንዴት ነው?» ስትዪው የሚመልስልሽ የሚቀጥለውን ዓመት ማዳበሪያ እያሰበ ነው። «ይመስገን፣ ደኅና ነው» ይልሻል። ዋሸ አትዪውም፤ ቦታሽ ነው እንዲህ የሚያናግረው። ይህን አንድ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ባለሙያ አንድ አባወራ ስለ መስመር መዝራት ትጠይቃለች። እሳቸው ጥቅሙን ቁጭ አድርገው ይተነትኑላታል፤ ከቃሉ ጀምሮ ሁሉም የሥልጠናው ነው። እሷ ስልክ ልታናግር ወጣ ስትል ወደ እኔ ዞረው «ጉልበቱን ማን ይችለዋል ልጄ» አሉኝ። የፈለግነው መልስ ያ ነበር።

ስለዚህ እዚያው ወረዳ ውስጥ መሆን ካለብሽ ቢሮ ቀይሪ። ለምሳሌ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ወይም እንስሳት ሀብት። ሰብል ላይ የሠራ ሰው እንስሳት ጋ ሲሄድ እንደ አዲስ መጠየቅ ይጀምራል። ለ8 ሳምንቱ ከመደበኛ ሥራሽ ነፃ መሆንሽንም በደብዳቤ ያረጋግጡልሽ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ በመጀመሪያው አስቸኳይ ስብሰባ ይረሳል። አንዳንድ ዲፓርትመንት ደግሞ በራስ መሥሪያ ቤት መውጣትን ጭራሽ አይፈቅድም፤ የእናንተን መመሪያ ቀድመሽ እዪው።

ፋብሪካውን በተመለከተ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ደብረ ብርሃን ዛሬ ድሮ የምናውቃት የብርድ ልብስና የአረቄ ከተማ ብቻ አይደለችም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። ቢራ ፋብሪካም ብቅል ፋብሪካም አላት። አንቺ ግን የገጠር ልማት ተማሪ ነሽ። ምርት መስመር ላይ ቆመሽ ጠርሙስ ሲያልፍ ብታዪ ምን ታተርፊያለሽ? ፋብሪካ ከገባሽ የግዢው በር ላይ ቁሚ። ገብስ የጫነው መኪና የሚቆምበት፣ ናሙና የሚወሰድበት፣ እርጥበቱ የሚለካበት ቦታ። ፕሮቲኑ የበዛ ገብስ ለብቅል አይመችም፤ የተሰባበረና የተቀላቀለ ዘርም እንዲሁ። ከዚያ በር የተመለሰው ገብስ ለምን ተመለሰ? ምክንያቱስ ተመልሶ ያመረተው ገበሬ ጆሮ ይደርሳል ወይስ ነጋዴው ጋ ይቀራል? ይህ የማስተርስ ጥያቄ ነው። ለሲቪ ብለሽ ብቻ ግን አትግቢ። ቀጣሪ ቃለ መጠይቅ ላይ «እዚያ ምን ሠራሽ?» ነው የሚልሽ፤ ስሙ ያን ጊዜ አያድንሽም።

ፋብሪካ ለሚገቡ ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ሲባል የሚደረግን ውል ከወሰኑ ውጪ ያደርገዋል፤ የለማጅ ሠራተኛ ውል ብቻ ነው የተለየው። ስለዚህ ለልምምድ የወጣ ተማሪ እንደ ተቀጣሪ አይቆጠርም። እጅሽ ማሽን ውስጥ ቢገባ ማን ያሳክምሻል? ይህን ከመግባትሽ በፊት ዩኒቨርሲቲሽንም ፋብሪካውንም ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጓሳ። ልብሽ እዚያ ላይ መሆኑ አይገርመኝም። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሣር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ለእኛ ሙያ ግን ትልቁ ነገር ሕዝቡ ነው። ሰዉ ያንን መሬት ለመቶዎች ዓመታት በራሱ ሥርዓት ሲያስተዳድረው ኖሯል። የአስቦና የጌራ ወገኖች ሜዳውን የሚያስተዳድር አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተማክረው ይከፍቱታል። ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለመጥረጊያው ሁሉም በሥርዓት ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው። ከዓመታት በኋላ ማኅበረሰቡ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደገና አነሣው። ስለ ጋራ ሀብት በክፍል ያነበብሽው ሁሉ እዚያ በእግርሽ ትረግጪዋለሽ።

ጓሳን በሙሉ ልቤ የማልመክርሽ በአንድ ምክንያት ነው። ብዙ ጠያቂ የተመላለሰበት ቦታ ነው። ሰዉ መጠይቅ ሰልችቶታል። «ስንቱ ጽፎ ሄደ፤ ምን እንደጻፈ ግን የነገረን የለም» ያሉኝ ሽማግሌ አሉ። አባባላቸው እስካሁን ከልቤ አልወጣም። እዚያ ከሄድሽ ባለ 6 ገጽ መጠይቅ ይዘሽ አትሂጂ። ኮሚቴው ጋ ቀርበሽ «እናንተ ራሳችሁ ማወቅ የምትፈልጉት፣ ግን ጊዜ ያጣችሁለት ነገር አለ?» ብለሽ ጀምሪ። የሚሰጡሽን ሥራ ሥሪላቸው። ከዚያ የአንቺ ጥያቄ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

እኔ ግን ያልጠቀስሽውን አራተኛ ቦታ ልጨምርልሽ። በጉ አለ፤ ያውም ደጅሽ ላይ። ሞላሌና መሐል ሜዳ አካባቢ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመንዝን በግ ዝርያ በማኅበረሰቡ የማሻሻል ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት አብረው የያዙት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቀድሞ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ፈጥኖ ገበያ ይወጣል፤ ለበዓል ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነውና። ቤት የሚቀረው ደካማው ነው፤ በጎቹን የሚያስረግዘውም እሱ ይሆናል። እንዲህ እየሆነ ዝርያው ወደ ታች ይወርዳል። አሁን ግን ጠቦቱ የጆሮ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይመዘናል። 6 ወር ሲሞላው ክብደቱ ይታያል። ከዚያ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው አውራ የሚሆነውን ይመርጣሉ፤ በጋራም ይጠቀሙበታል።

እዚያ ውስጥ ለአንቺ ስንት ጥያቄ እንዳለ አስቢ። የተመረጠው አውራ የማን ቤት ያድራል? መኖውን ማን ይችላል? ገንዘብ የቸገረው ሰው ለትንሣኤ ሊሸጠው ቢል ጎረቤቱ በምን ይይዘዋል? በጎቹን ቀን ከሌት የምታየው ሴትዮዋ ሆና ሳለ ምርጫው ላይ ድምፅዋ የት አለ? መዝገቡን የሚይዘው ሰው ሲቀየር ምን ይሆናል? አንዱን ብቻ ይዘሽ 8 ሳምንት ብትቆፍሪ አያልቅም። ደግሞ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ውሎ አበል በሌለበት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ብሆን ይህንን እመርጥ ነበር፤ ጓሳን ደግሞ ለአንድ ሳምንት ጉብኝት አስቀምጠው ነበር።

ምርጫው ግን የአንቺ ነው። እንዲህ አድርገሽ ለዪው። ለአራቱም ቦታ ደውዪ ወይም በአካል ሂጂ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ። «በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ የጻፍኩትን የሚያይልኝ ሰው አለ?» በያቸው። አንዱ ቦታ «ደብዳቤ አምጪ፣ እናያለን» ይሉሻል። ሌላው ቦታ አንድ ሰው «ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ነይ» ይላል። ሁለተኛው ጋ ሂጂ። ያ ሰው ዲግሪ ላይኖረው ይችላል። የዝርያ ማኅበሩ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል፣ የቀበሌ ልማት ሠራተኛዋ ልትሆን ትችላለች። ዲፓርትመንትሽ ማስተርስ ያለው ተቆጣጣሪ ከጠየቀ እሱን በወረቀት አሟዪ፤ የሚያስተምርሽን ሰው ግን አትልቀቂው።

አንዳንዱ ተማሪ ልምምዱን እንደ እረፍት ያየዋል። ቁጥሩን ልብ በዪው። 8 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት 320 ሰዓት ነው። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች አቆጣጠር 1 ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። በዚያ ሒሳብ ልምምድሽ ከ10 ክሬዲት በላይ ይመዝናል፤ ሁለት ኮርስ ማለት ነው። ይህ ነገር ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ደንብ ወጣ፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ሄዱ። ከእነሱ አንዳንዶቹን አግኝቻለሁ። ስለ ሌክቸሩ ብዙ አያስታውሱም፤ የወጡበትን ከተማ ግን የአከራያቸውን ስም ሳይቀር ይነግሩሻል።

ወደ ቴሲሱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልምምድና የመመረቂያ ጥናት መቀራረባቸው ጥሩ ነው። አንድ ማድረግ ግን ችግር ያመጣል። ለልምምድ ስትወጪ ገበሬው የሚያወራሽ እንደ ለማጅ ባለሙያ ነው። ያንን ወሬ አምስት ወር ቆይተሽ ጥናት ውስጥ ብታስገቢው ያልፈቀደልሽን ወሰድሽ ማለት ነው። የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚጠየቀው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚቴ የለም። የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ መጠቀም ከፈለግሽ ከኃላፊው የጽሑፍ ፈቃድ ውሰጂ። የሰዎችን ስም በኮድ ቀይሪ። ስልካቸውንና ፎቷቸውን እንዲሁ ይዘሽ አትዙሪ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ እንደፈለግነው የምንቀዳው ነገር መሆኑ ቀርቷል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ልምምዱን የቴሲስሽን ጥያቄ መፈለጊያ አድርጊው። ዳታውን በኋላ፣ በፈቃዱ፣ በሥርዓቱ ትሰበስቢያለሽ። 8 ሳምንት መስክ ላይ የቆየ ሰው የሚያወጣው መጠይቅ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። ያ ተማሪዬ 120 ገበሬ ሊጠይቅ የነበረው ወረቀት እኔ ጋ አለ። ከ34ቱ ጥያቄ ስለ ስም ዝርዝር አንድም አልነበረበትም።

ጊዜውን በተመለከተ ለአንቺ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ ገጠሩን ታውቂዋለሽ። በልግ ሲዘራና መኸር ሲታጨድ ገበሬውን አታስቁሚው። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለ እግዚአብሔር ግን ሞፈር አይወጣም። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ቤቱ ነው፣ ወይም ማኅበር ላይ ነው፤ ጨዋታም አለ። በ12፣ በ21፣ በ29 አንድ ሰዓት የምትሰሚውን በሥራ ቀን ሙሉ ቀን ውለሽ አትሰሚውም። ባዶ እጅሽን ግን አትግቢ። ሩብ ኪሎ ቡና ይዘሽ ግቢ፤ እነሱ ያላቸውን ያቀርባሉና።

መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መኖሩንም አትርሺ። ሁለት ሳምንት ቢስተጓጎል ምን እንደምትሠሪ ከአድቫይዘርሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ የት እንዳለሽም ሁልጊዜ አንድ ሰው ይወቅ። ምንም ሪፖርት ነፍስሽን አያክልም።

የትብብር ደብዳቤውን ማኅተምና ቲተር አስደርገሽ ራስሽ ይዘሽ ሂጂ። መዝገብ ቤት አስገብተሽ የገቢ ቁጥሩን ኮፒው ላይ አጽፊ። የእኔ ደብዳቤ 9 ቀን የተኛው ቁጥሩን ይዤ ስላልተከታተልኩት ነው።

ማታ ማታ 20 ደቂቃ ለደብተርሽ ስጪ። በግራ ገጽ ያየሽውንና የሰማሽውን፣ በቀኝ ገጽ ያሰብሽውን። ሁለቱን አትቀላቅዪ። «ገበሬዎቹ ፍላጎት የላቸውም» የቀኝ ገጽ ነገር ነው። «ከ14 የማኅበሩ አባላት 5 መጡ፤ ሁለቱ ቶሎ ወጡ፣ ገበያ ቀን ነበር» የግራ ገጽ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግራውን ብቻ መልሰሽ አንብቢው። በቀኝ የጻፍሽው ስንቱ እንደተሳሳተ ያን ጊዜ ታዪዋለሽ።

ሪፖርቱን አታርዝሚው። የመሥሪያ ቤቱን ታሪክና ራዕይ ለመምህርሽ አትጻፊለት፤ ያውቀዋል። ለዲፓርትመንቱ የምታስገቢው በእንግሊዝኛ መሆኑ አይቀርም። መረጃውን የሰጡሽ ሰዎች ግን ያንን አያነቡትም። ስለዚህ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፊ። ምን አየሽ፣ ከየት አገኘሽው፣ ምን ቢደረግ ይሻላል። በመጨረሻው ሳምንት ሰዎቹን ሰብስበሽ አንብቢላቸው፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ይስማው። «ይሄ አይደለም» ካሉሽ እዚያው አርሚ። የጓሳውን ሽማግሌ ቅሬታ ባሰብኩ ቁጥር ተማሪዎቼን አጥብቄ የምጠይቃት ይህችን አንድ ገጽ ነው። እሷን ሳያስገባ ለሚመጣ ተማሪ ውጤት አልሞላም።

አሁን ከመውጣትሽ በፊት ሌላ አንድ ገጽ ጻፊ። የት እንደምትወጪ፣ ማን እንደሚያነብልሽ፣ የትኛውን አንድ ጥያቄ እንደያዝሽ። ስትጨርሺ ላኪልኝ። አንብቤ እመልስልሻለሁ።